የሳሎኑ ዝምታ

ውባንቺ ያንን ቃል ስትናገር ሳሎኗ ውስጥ አራት ሰዎች ትንፋሻቸውን ውጠው ቁጭ ብለው ነበር። እሷ ግን አላወቀችም። ወጥ ቤቷ ውስጥ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ሸጉጣ፣ እንግዶቹ ሻይ የጠጡበትን ብርጭቆ እያለቀለቀች ኪልበርን ካለችው ጓደኛዋ ከኂሩት ጋር የቅዳሜ ወሬዋን ትሰልቅ ነበር። ‹‹ኧረ ተይኝ ኂሩቴ›› አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ እንኳን አላደረገችም። ‹‹ዳናዊቴ በፊልሟ ላይ እኔን ትሆናለች ብላ ያመጣቻትን ልጅ ብታያት ጉድ ትያለሽ። ባሪያ እኮ ነው ያመጣችብኝ! እኔ እንዲህ ነበርኩ? አንቺ ታውቂኛለሽ፣ እስቲ ተናገሪ፣ እንዲህ ነበርኩ?›› ኂሩት በወዲያኛው ጫፍ ሳቀች፤ ውባንቺም አብራት ሳቀች። ለንደን ውስጥ አማርኛ የሚያወራ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው አፍንጫ እያማ፣ ዓይን ዓይኑን እያየው ፈገግ ይላል። ማን ይሰማኛል ብሎ ነው።

ሳሎኑ ጸጥ ያለው ለውባንቺ ወሬ ብሎ አይደለም፤ የሥራ ጸጥታ ነበር። ፊልም የሚሠሩ ሰዎች በሚቀርጹበት ክፍል ሁሉ ማንም ሳይናገር፣ ማንም ሳይንቀሳቀስ፣ የክፍሉን የራሱን ዝምታ አንድ ደቂቃ ይቀዳሉ። የፍሪጁን ማጉረምረም፣ ከመስኮቱ ውጪ የሚያልፈውን መኪና፣ የግድግዳውን ቧንቧ ሳይቀር። በኋላ ንግግር ከንግግር ሲቀጣጠል ክፍተቱ የሚደፈነው በዚያ ዝምታ ነው። ድምፅ ቀጂው ዊንስተን፣ ብሪክስተን ተወልዶ ያረጀ፣ ጺሙ የሸበተ ጃማይካዊ፣ ጠዋት ይህንኑ ለውባንቺ አስረድቷት ነበር። እሷ ግን ዝምታ እንደ ዘፈን ይቀዳል የሚባል ነገር ሰምታ ስለማታውቅ ቀልድ መስሏት ስቃ አለፈችው። እናም ዊንስተን ጆሮ ማዳመጫውን ደፍቶ፣ ጣቱን አንሥቶ፣ የውባንቺን ሳሎን ዝምታ እየቀዳ ሳለ የውባንቺ ድምፅ ከወጥ ቤት መጥቶ መሐሉ ላይ ተቀመጠ። ለዊንስተን የማይገባው ቋንቋ ነው፤ ‹‹ድምፅ ገብቶበታል፣ በኋላ እንደግመዋለን›› አለና ማሽኑን አጠፋ። ካሜራ ያዧ እንግሊዛዊት ናት። የፊልሙ ዳይሬክተር፣ የውባንቺ ልጅ ዳናዊት፣ መስኮቱ ጋ ቆማ ጽሑፏ ላይ እንዳቀረቀረች የእናቷን ድምፅ ሰማች እንጂ ቃሉን አልለየችም። ቃሉ የገባው ሶፋው ላይ፣ የጥንት ልብስ ለብሳ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደታዘዘችው ሳትንቀሳቀስ ለተቀመጠችው ለአንዲት ሰው ብቻ ነበር።

የሚሠራው ፊልም ስለ ውባንቺ ነው፤ ስሙም ‹‹ደንገጡር›› ይባላል። ዳናዊት ይህን ታሪክ ከጡት ጋር ነው የጠባችው። እናቷ በሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ለንደን በገባች በሁለተኛው ክረምት፣ ወንዙ ዳር በነበረና አሁን ፈርሶ አፓርትማ በሆነ ስቱዲዮ በጽዳት ትሠራ ነበር። አንድ ጠዋት ወረቀት የያዘች ሴት ኮሪደር ላይ አስቁማት፣ ከላይ እስከ ታች አይታት፣ ‹‹ሳትንቀሳቀሺ መቆም ትችያለሽ?›› አለቻት። በዚያው ቀን የጥንት ልብስ አልብሰዋት፣ የአንዲት ንግሥት ደንገጡር ሆና ተቀረጸች፤ በኋላም በቴሌቪዥን ወጣች። አራት ሰከንድ ናት፤ ከንግሥቲቱ ትከሻ ጀርባ ግማሽ ጉንጭና የላባ ማራገቢያ የያዘ ክንድ። ዳናዊት እዚሁ ዋይት ሲቲ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ቴሌቪዥን ላይ እሷን የሚመስል ሰው ስትፈልግ ነው ያደገችው። ሲገኝም ወይ ሌባ፣ ወይ ሬሳ፣ ወይ ለነጭ ሰው የምታለቅስ ነርስ ነው። ስለዚህ ያቺ አራት ሰከንድ ለዳናዊት እንደ ርስት ነበረች። እናቴ ንግሥት አጠገብ ቆማለች ብላ በትምህርት ቤት የተጣላችላት ርስት። ስምንት ዓመት ሙሉ ታሪኩን ይዛ ከቢሮ ቢሮ ዞራ ‹‹ግሩም ነው፤ ግን ማን ያየዋል?›› ሲሏት ኖራ፣ በመጨረሻ ጥቁር ፊልም ሠሪዎችን የሚያግዝ አንድ ትንሽ ድርጅት አንድ ቀን ቀረጻ የሚያስችል ድጋፍ ሰጣት። ያ አንድ ቀን ዛሬ ነው። ካሜራው ለተከራየበት ቤት ከምሽቱ ስድስት ሰዓት ላይ መመለስ አለበት፤ እንግሊዞቹ የሚቆጥሩት ስድስት ማለት ነው።

ውባንቺ ከሳሎኗ ከተባረረች ሦስት ሰዓት ሆኗታል። ሶፋዋ ግድግዳ ተጠግቷል፤ ትልቁ ቴሌቪዥን መኝታ ቤት አልጋዋ ላይ ተጋድሟል፤ በቦታው ከየት እንዳመጡት እንጃ ሆዱ የገፋ የድሮ ቴሌቪዥንና ገመዱ የተጠመዘዘ ስልክ ተቀምጧል። ይህ ሁሉ አልከፋትም። የከፋት ልጅቷ ናት። ስሟ ያኤል ነው፤ ጠዋት ኮፍያዋን አናቷ ላይ ጥላ ‹‹ጉድ ሞርኒንግ አንቲ›› ብላ ስትገባ ውባንቺ ናይጄሪያዊት ናት ብላ ደመደመች። መደምደም ለውባንቺ ቀላል ነው። እሷ ራሷን ጥቁር ብላ አታውቅም፤ ጠይም ናት፤ አባቷም ስሟን ያወጣላት ‹‹ውብ አንቺ›› ብሎ ነው። የሰፈሩ አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ በሚልከው ፎርም ላይ ‹‹ብላክ አፍሪካን›› የሚለውን ሳጥን ሁልጊዜ ዘልላ ‹‹ሌላ›› የሚለውን ትመርጣለች። በዚህ ከልጇ ጋር ስንት ዓመት ተጨቃጭቀዋል።

ብርጭቆዎቹን ትሪ ላይ ደርድራ ስትወጣ ያኤል ልብሱ ላይ ካፖርቷን ደርባ በጠባቧ ኮሪደር መጣችባት። ሁለቱ ተፋጠጡ። ለሁለት ሰው የምትበቃ ኮሪደር አይደለችም። ‹‹እባክዎ ያሳልፉኝ፣ እትዬ›› አለች ያኤል። በጠራ የአዲስ አበባ አማርኛ፤ አንቱታው ሳይጎድል፣ ድምፅዋም ሳይሻክር። ውባንቺ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። የውጪው በር ተከፍቶ ተዘጋ፤ የደረጃው የእግር ኮቴም እየራቀ ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ውባንቺ ተረቱን ስንት ጊዜ ለሰው ተርታዋለች፤ አፋፉ ላይ ቆማ የታየችው ግን ዛሬ ነው።

ዳናዊት ከሳሎን እየሮጠች ወጣች። እየሳቀች ነበር፤ ውባንቺን የገደላት እሱ ነው። ‹‹ማሚ! ሰማሽ? ሰርፕራይዝ ነበር እኮ! አማርኛ እንዳታወሪ ብያት ነበር፤ ካሜራው ፊት ስትናገር ነበር የምትሰሚያት፤ አበላሸችው!›› እጇን አፏ ላይ ጫነች። ‹‹ኮተቤ ነው ያደገችው፣ እስከ አሥራ አንድ ዓመቷ። የሷ አማርኛ ከኔ ይበልጣል። አርባ ሰው ነው ያየሁት፣ ማሚ፤ ስታወራ ልክ አንቺን የምትመስለው እሷ ብቻ ናት።›› ከዚያ ወዴት እንደሄደች ጠየቀች። ውባንቺ አየር ልትቀበል ነው መሰል አለች። ትሪውንም መልሳ ወጥ ቤት አስገባችው።

ሃያ ደቂቃ አለፈ፣ አርባ ሆነ። ዊንስተን ከገበያ ማዕከሉ የመጣውን ሳንድዊች ፈትቶ በላ፤ አንዱ አራት ፓውንድ ከሃምሳ ነው፤ በሌላ ቀን ቢሆን ውባንቺ ‹‹ለዳቦና ለሰላጣ ቅጠል!›› ብላ ባዘነች። ዛሬ አላየችውም። ካሜራ ያዧ ሰዓቷን ማየት ስታበዛ ዳናዊት ስልክ ይዛ መኝታ ቤት ገባች። ስትወጣ ሳቁ ከፊቷ ጠፍቷል። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ እናቷን እንደማታውቃት ሰው አየቻት። ‹‹እመጣለሁም አልመጣምም አላለችም። እናትሽን ጠይቂያት ነው ያለችኝ። ባሪያ ምን ማለት ነው በያት አለች። ማሚ፣ ባሪያ ምንድን ነው?›› ዳናዊት የምታውቀው አማርኛ የምግብ፣ የቁጣና የቤተ ክርስቲያን አማርኛ ነው። ቃሉን ቤቷ ውስጥ ሰምታ ይሆናል፣ ፊት ለፊቷ አስቀምጦ ያሳያት ግን የለም። በላቲን ፊደል ስልኳ ላይ ብትጽፈው ሌላ የማይገናኝ ነገር አመጣላት።

‹‹ጥቁር ማለት ነው›› አለች ውባንቺ። ጨርቅ አንሥታ ንጹሑን ጠረጴዛ ወለወለች። ‹‹ጠቆር ያለ ሰው። ሌላ ምንም አይደለም።››

‹‹ጥቁር ብቻ?››

‹‹ብቻ።››

‹‹እኔስ ጥቁር አይደለሁም? አንቺስ?›› እናትየዋ ጨርቁን መልሳ አጠበችው። ዳናዊት እንግሊዝኛዋን ተወችና በዚያችው በተሰባበረች አማርኛዋ፣ ‹‹ለዚህ ብላ አትሄድም›› አለች። ‹‹ያኤል ለትንሽ ነገር አትሄድም። አንቺ የሆነ ነገር አጠፋሽ፣ ምን እንደሆነ ግን አትነግሪኝም።›› ወደ ሳሎን ተመልሳ ሄደች። ያለ ያኤል ፊልም የለም፤ ስምንት ዓመትም የለም። ይህ ለውባንቺ ሊገባት የሚያዳግት ነገር አልነበረም። ከዚያ ይልቅ ያስፈራት ልጇ ቃሉን አንድ ቀን ከሌላ ሰው የሰማች እንደሆነ ነው። ‹‹እናቴ ጥቁር ማለት ነው ብላኝ ነበር›› ስትል ታያት።

መኝታ ቤት ገብታ ከተጋደመው ቴሌቪዥን አጠገብ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ውሸቱ እንዲህ በቀላሉ የወጣላት የመጀመሪያዋ ስላልሆነ ነው። ራስጌዋ ካለው መዝሙረ ዳዊት ውስጥ፣ ከጀርባው ሽፋን ስር፣ ስቱዲዮው የሰጣት፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው የታጠፈ ወረቀት አለ። የዚያን ዕለት ጠዋት የሜካፗ ሴት አገጯን በሁለት ጣት ይዛ ወደ መብራቱ አዞረቻትና ለጓደኛዋ ‹‹ይቺ አትበቃም፣ መልኳ በጣም ፈካ ያለ ነው›› አለች። ውባንቺ ያኔ እንግሊዝኛዋ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ስፖንጁ መጥቶ ከግንባሯ እስከ ደረቷ፣ ከክንዷ እስከ ጣቷ ጥቁር ቅባት ሲለቀልቃት ገባት። ከዚያ ወደ መስታወቱ አዞሯት። መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ሴት አላወቀቻትም። አገሯ ሳለች ለእንዲህ ያለ ፊት የተማረችው ስም አንድ ብቻ ነበር፤ የሰጧት ወረቀት ላይ የተጻፈውም ትርጉሙ እሱው ሆኖ አገኘችው። ስሌቭ ገርል፣ ቁጥር ሦስት። ማታ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሦስት ጊዜ ታጥባ አልለቀቀም፤ ትራሷ ላይ እስከ ሳምንቱ ቀርቷል። በስልክ ካርድ ደውላ ለእናቷ ‹‹በቴሌቪዥን ልወጣ ነው›› ስትል፣ እናቷ ‹‹ምን ሆነሽ?›› ብለው ጠየቋት። እሱ ነበር ጉዱ። ትንሽ ዝም አለችና ከየት እንደመጣላት ሳታውቅ ‹‹የንግሥት ደንገጡር ሆኜ›› አለች። እናቷ እልል አሉ። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰው? ሠርጓ ላይ ተወራ፣ ክርስትና ላይ ተወራ፤ ባሏም ሲሞት ለቅሶ የመጡት ሳይቀሩ አንሥተውታል።

ዛሬ ጠዋት ያኤል ያንን የሚመስል ልብስ ለብሳ ሳሎን ስትገባ ውባንቺ ያየችው ልጅቷን አልነበረም። ያንን መስታወት ነው ያየችው። ይህ ግን ምክንያት ቢሆን እንጂ ይቅርታ አይሆንም፤ ልጅቷ የተወለደችበት ፊቷ ነው፤ በሳሙና የሚለቅ ቅባት አይደለም። ይህን ስታስብ ውባንቺ አፈረች። እንደ ዘበት ያፈረች አይደለችም፤ ጆሮዋ እስኪግል፣ ብቻዋን ክፍል ውስጥ ሆና ፊቷን በነጠላዋ እስክትሸፍን አፈረች።

ያኤል ሩቅ አልሄደችም። ቦርሳዋን ሳሎን ትታ ስለወጣች የባቡር ካርዷም እዚያው ነው። ውባንቺ ቦርሳውን አንሥታ፣ ሊፍቱ እንደ ልማዱ ስለተበላሸ አራቱን ፎቅ በጉልበቷ እያቃሰተች ወረደች። ልጅቷን የልጆች መጫወቻው አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘቻት። ካፖርቷ ስር የንግሥት ቤት ልብሱ ጫፍ መሬት እየጠረገ ነበር፤ ዥዋዥዌው ላይ ያሉት ልጆች አፋቸውን ከፍተው ያዩዋታል። ውባንቺ በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። ‹‹ቦርሳሽን አመጣሁልሽ›› አለች።

‹‹ሂጂ ነው የሚሉኝ?››

‹‹ኧረ በሞቴ! ኧረ እሱን አይደለም!›› ቦርሳውን ከጀርባዋ ደበቀችው፤ ከዚያ መደበቋ ደግሞ የባሰ መሰላትና መልሳ ወደ ፊት አመጣችው። በስተመጨረሻ ከጎኗ ተቀመጠች። ‹‹ላንቺ ብዬ አይደለም እኮ የተናገርኩት።››

‹‹ለማን ነው ታዲያ?››

ውባንቺ ለዚህ መልስ ነበራት፤ መልሱ ግን መዝሙረ ዳዊቱ ውስጥ ነው ያለው። አንድ አውቶቡስ አለፈ። ከዚያ ያኤል ልጆቹን እያየች መናገር ጀመረች፤ እንደ ቂም አይደለም፤ እንዲያው እንደ ደከመው ሰው። ‹‹አባቴ የአሶሳ ሰው ነው። ኮተቤ ሳለን ሱቅ ስላክ ባለሱቁ አንድ ቀን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። በዚያ ቃል ነበር የሚጠራኝ። ክፉ ሰው እንዳይመስልዎት፤ ከረሜላ ይመርቅልኝ ነበር። እዚህ አገር ስመጣ ደስ ያለኝ ምኑ ነበር መሰልዎት? እዚህ ቃሉን የሚያውቅ የለም ብዬ ነው።›› ካፖርቷን ሰበሰበች። ‹‹ፊልም ላይ ስደተኛ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ ሦስት ጊዜ ሞቻለሁ፣ አንዴም ልጇ በጩቤ የተገደለባት እናት ሆኛለሁ፤ እኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። በአማርኛ ተናገሪ ያለኝ ዳይሬክተር ግን አልነበረም። ዳናዊት ናት ያለችኝ። ሌሊቱን በሙሉ አልተኛሁም እትዬ፣ ከደስታ የተነሣ።›› ወደ ውባንቺ ዞረች። ‹‹ለሷ ምን ብለው ተረጎሙላት?››

‹‹ጥቁር ማለት ነው አልኳት።››

‹‹እንግዲያው እኔም ነኝ፣ እሷም ናት፣ እርስዎም ነዎት። ምን ያጣላናል?›› ያኤል ሳቀች፤ ሳቁ ግን ወዲያው ደረቀ። ተነሥታ ቦርሳዋን ተቀበለች። ልጅቷ ግን ወደ ጣቢያው አልሄደችም፤ ወደ ደረጃው ነው ያመራችው። ‹‹እሠራለሁ። ለርስዎ ብዬ አይደለም፤ ሥራው ስለሚገባው ነው። ቃሉን ግን እኔ አልተረጉምላትም። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ስተረጉመው ደክሞኛል።››

ስለዚህ ቀረጻው ተጀመረ። ውባንቺ በኮሪደሩ በኩል፣ ከዊንስተን ጀርባ ቆማ እንድታይ ፈቀዱላት። ያኤል ገመዱ የተጠመዘዘውን ስልክ አንሥታ የውባንቺን ወጣትነት ተናገረች። ‹‹እማ! ትሰሚኛለሽ? በቴሌቪዥን ልወጣ ነው!›› አለች፤ ድምፅዋ እየዘለለ፣ እጇ ገመዱን እየጠመዘዘ። ውባንቺ ያቺን እጅ አወቀቻት፤ የራሷ እጅ ነች። እንዲህ ያለች ደስተኛ ልጅ እንደነበረች ረስታው ኖሯል። ከዚያ ስልኩ ውስጥ ያለችው እናት ‹‹ምን ሆነሽ?›› ብላ የምትጠይቅበት ቦታ ደረሰ። ያኤል ከንፈሯን ከፈተች፣ ዘጋች። ገመዱን ለቀቀች። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቃሉ የጠፋባት መስሎት አንገቱን እስኪያሰግግ ድረስ ቆየችና፣ ቀስ ብላ፣ ፈገግ እያለች፣ ‹‹የንግሥት ደንገጡር ሆኜ›› አለች።

ዳናዊት ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ‹‹ድንቅ ነው። ግን ለምን ቆምሽ? ጽሑፉ ላይ የለም እኮ።››

‹‹እኔ እንጃ›› አለች ያኤል። ወደ ኮሪደሩ አላየችም። ‹‹ሴትየዋ እዚያ ጋ የምትደብቀው ነገር ያለ መሰለኝ።››

ውባንቺ መኝታ ቤት ገባች። አምስት ጊዜ ያንኑ ትዕይንት ደጋግመው ሲቀርጹ፣ አምስት ጊዜ ያንን ክፍተት በግድግዳው በኩል ሰማችው። በስድስተኛው ወረቀቱን ከሽፋኑ ስር አወጣች። ማጠፊያው ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ዘርግታ ጭኗ ላይ በመዳፏ አለሰለሰችው፤ እዚህ ድረስ ያመጣት ድፍረት ይሁን ፍርሃት ለራሷም አልተለየላትም። ብታሳያት ልጇ ርስቷን ታጣለች፤ ፊልሙም የውሸት ፊልም ይሆናል። ባታሳያት ደግሞ ያቺ ከታች ያገኘቻት ልጅ ነገም ተነገወዲያም ቃሉን ብቻዋን ተሸክማው ትሄዳለች፤ እንደ ቦርሳዋ።

በእንግሊዞቹ አቆጣጠር አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ዊንስተን ጠዋት የተበላሸውን እንድገመው አለ። አሁን ማንም ስልክ እንዳያነሣ ሲል ውባንቺን ጠቀሳት፤ በፍቅር ነው። ውባንቺ ወደ ሳሎን ገብታ ከዳናዊት አጠገብ ቆመች። ዊንስተን ጣቱን አነሣ። ጸጥ አለ። ፍሪጁ አጉረመረመ፣ ታች ዥዋዥዌው ሲጥጥ አለ። ውባንቺ ወረቀቱን አንድ ቃል ሳትናገር ዳናዊት የያዘችው ጽሑፍ ላይ አስቀመጠችው።

ዳናዊት ሌላ ጊዜ በሚል ዓይን አየቻት፤ ከዚያ ዝቅ ብላ አነበበች። ቀኑ አለ። ፊደሉ የተዛባ የእናቷ ስም አለ። ከስሙ ቀጥሎ ገጸ ባሕርይዋ በታይፕ ተጽፏል፤ ከዚያ በታች በእስክሪብቶ፣ በሜካፕ ክፍሉ እጅ፣ ‹‹ትጥቆር›› የሚል ትእዛዝ። ዳናዊት አፏን ከፈተች። የዊንስተን ጣት እንደተነሣ ነው፤ መናገር አይቻልም። እንደገና አነበበችው። ወደ ድሮው ቴሌቪዥን አየች፣ ያኤል አጠገብ ወደተቀመጠው የላባ ማራገቢያ አየች፣ ወደ እናቷ ፊት አየች፤ ውባንቺም ዓይኗን አልሰበረችም፤ መስበር ግን አማራት። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያልተባለው ነገር ሁሉ በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ ገብቶ ቆሞ፣ የሚያልፍ አልመስል አለ። ከሶፋው ያኤል ወረቀቱን አታየውም፤ የሁለቱን ፊት ግን ታያለች። ዊንስተን ጣቱን አወረደ። ‹‹ንጹሕ ነው›› አለ። ‹‹እንዲህ ያለ ንጹሕ ዝምታ ቀድቼ አላውቅም።››

‹‹ካሜራውን እንዳትፈቺው›› አለች ዳናዊት ለካሜራ ያዧ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስላል። ያኤል ተቀምጣበት በነበረው ሶፋ ፊት ወንበር አምጥታ መብራቱ ስር አደረገችውና እናቷን ‹‹ተቀመጪ›› አለቻት። ማሚ አላለቻትም። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፤ ውባንቺ ቁጣውን ትመርጥ ነበር። ተቀመጠች። መብራቱ ይፋጃል። ካሜራ ያዧ በካሜራው እያየች የውባንቺ ግንባር በላብ ያብለጨልጫል፣ ትንሽ ፓውደር ያስፈልጋታል አለች። ያኤል እስከዚያ ልብሱን ቀይራ፣ ካፖርቷን ደርባ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ሰቅላ በሩ ጋ ደርሳ ነበር፤ ባቡሯ አለባት። ቆመች። ከዚያ ተመልሳ መጥታ ከቦርሳዋ ትንሿን የፓውደር ዕቃ አወጣችና ከፈተቻት። ፓውደሩ የራሷን መልክ የሚመስል፣ ጥቁር ነው። ውባንቺ አየችው፤ መላ ሰውነቷ ወደ ወንበሩ ጀርባ ሸሸ። ወዲያው መሸሿ ለልጅቷ ምን ሊመስላት እንደሚችል ገባትና ዓይኗን ጨፍና ፊቷን አነሣች።

ስፖንጁ አልመጣም። የዕቃዋ ክዳን ጠቅ ብሎ ሲዘጋ ሰማች። ‹‹የኔ ለርስዎ አይሆንም›› አለች ያኤል። በሶፍት ወረቀት የግንባሯን ላብ ሁለት ጊዜ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችላትና ወደ ኋላ ተመለሰች። ‹‹እንዳሉ ይታዩ።››

ካሜራው እስኪወሰድ ከሩብ ሰዓት ያልበለጠ ጊዜ ነው ያለው። ዳናዊት ካሜራው ጀርባ ቆማለች፤ ፊቷ ከመብራቱ ወዲያ ጨለማ ውስጥ ስለሆነ ለውባንቺ አይታያትም። ቃለ መጠይቅ ሲቀረጽ ሁልጊዜ እንደሚጠየቀው፣ ለማንም ሰው እንደሚባለው፣ ‹‹ስምሽንና የሠራሽውን ገጸ ባሕርይ ተናገሪ›› አለቻት። ‹‹በአማርኛ።››

ውባንቺ ጉሮሮዋን ጠረገች። ዝም ብላ ቆየች፤ ያኤል የቆየችውን ያህል።

‹‹ውባንቺ ተሰማ›› አለች። ‹‹ባሪያ። ቁጥር ሦስት።››